የአርባ ቀን ሳህን

ሰው ቁምጣ ሲቀይር ዳሌው ይሰበራል ቢባል ማን ያምናል? የአጃይብ ሲንግ ዳሌ ግን የተሰበረው እንደዚያ ነው፤ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በማለዳ፣ ገላ መታጠቢያው ውስጥ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው።

ምራታቸው ረሻም ካውር ይህ ቀን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሽማግሌው ገና በሃያ ዓመታቸው ቅዱሱን ውሃ ጠጥተው ቃል ከገቡ ወዲህ አምስቱ ምልክቶች ከገላቸው ተለይተው አያውቁም፤ መቀስ ያልነካው ፀጉር፣ ፀጉሩ ውስጥ የሚሰካው የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረቱ አምባር፣ በትከሻ የሚንጠለጠለው ትንሽ ጎራዴ፣ ከውስጥ የሚለበሰው ነጭ የጥጥ ቁምጣ። ሌላው ሰው አሮጌ ቁምጣውን አውልቆ አዲሱን ይለብሳል። እሳቸው ግን ለአንድ አፍታ እንኳ ያለ ቁምጣ መገኘት የለብኝም ባይ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን እግር ከአሮጌው አውጥተው አዲሱ ውስጥ ይከታሉ፤ ሌላው እግር ከአሮጌው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሃያ ዓመት ይሄ ቀላል ነው። በሰማንያ አንድ ዓመት፣ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ ሁለት ቁምጣ እግር ላይ ተጠላልፎ ግን ሞትን መጥራት ነው። ረሻም ቢያንስ ተቀምጠው ይቀይሩ ብላ የፕላስቲክ ወንበር ገዝታ አስገብታላቸው ነበር። ባልዲ አስቀመጡበት።

ድው የሚል ድምፅ ሰምታ ስትሮጥ ወለሉ ላይ ተዘርረው አገኘቻቸው። አንዱ እግራቸው አሮጌው ቁምጣ ውስጥ፣ ሌላው አዲሱ ውስጥ ነበር። ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል የሕመም አልነበረም።

«ሳላወልቀው ነው የወደቅኩት» አሉ። «ምስክር ሁኚ።»

ረሻም አንጀቷ አረረ። ግን ምን ታደርጋለች፤ ጎረቤት ጠርታ፣ ሽማግሌውን በገመድ አልጋ አስጭና፣ ታርን ታራን ከተማ ወደሚገኘው ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ለባሏ ስልክ ደወለች። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሁልጊዜ መከራ ሲመጣ ሩቅ ክፍለ ሀገር ጉጃራት ይገኛል። አባቱ እንደወደቁ ሲሰማ አዘነ፣ ደነገጠ፣ ከዚያም በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ሲላት የኖረውን አላት፤ «አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ግን ሰው የምታከብር። ዳሌው በብረት መያያዝ አለበት አለች። ነገ ጠዋት ተራ አለ፤ ነገ ካለፈ ቀጣዩ ተራ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ስምንት ቀን በጀርባ መተኛት ደግሞ ሳንባውን ይይዘዋል፣ ጀርባውን ያቆስለዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገናም ላይረዳ ይችላል። ይህን ሁሉ ለሽማግሌው በግልጽ ነገረቻቸው። እሳቸው አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያም ነርሷን ጠርተው ስለ አምስቱ ምልክቶች ትርጉም ማስተማር ጀመሩ።

ረሻም ትርጉሙን በእንቅልፍ ልቧ ልትወጣው ትችላለች። ማበጠሪያው ሰው በየቀኑ ራሱን እንዲያጠራ ነው። አምባሩ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ እጅ ለክፉ ሲዘረጋ ተው ይላል። ጎራዴው ለተበደለ ለመቆም ነው፣ ቁምጣው ለጨዋነት፤ ፀጉሩ ደግሞ ፈጣሪ የሰጠውን እንደሰጠ ለመቀበል። ከአምስቱ ውስጥ የምራትህን ጨጓራ ላጥ የሚል ትርጉም ያለው አንድም አልነበረም፤ ሽማግሌው ግን ከሁሉም አብልጠው የፈጸሙት ይህንኑ ነው።

ሐኪሟ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቷ አልነበረም። ጎራዴው ተፍቆና ተቀቅሎ ከጥምጥማቸው ሥር ራሳቸው ላይ በጨርቅ ይታሰራል አለች። አምባሩ በፕላስተር ይሸፈናል። ማበጠሪያው ፀጉራቸው ውስጥ እንዳለ ቆብ ይደረግበታል። ቁምጣው ከተሰበረው እግር ይወጣና በደህናው እግር ላይ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ የአንድ እግሩ ሥርዓት ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን ብላ ሳቀች። ረሻም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ መለስ አለላት። ከዚያ ሐኪሟ አንድ ነገር ጨመረች። ዳሌያቸው አካባቢ፣ ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ፀጉሩ መላጨት አለበት።

«አይሆንም» አሉ አጃይብ ሲንግ።

ሐኪሟ አስረዳች፣ ለመነች። ነርሷ ለመነች። አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ሳይቀር ለመነ። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነ። ፀጉር የራስ ብቻ አይደለም፣ የገላም ፀጉር ፀጉር ነው፤ ስልሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ለአንድ አጥንት ብዬ አላፈርስም አሉ። ሐኪሟ እስከ ማታ እጠብቃለሁ፣ ካልፈረሙ ተራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላ ሄደች።

ረሻም አልጋው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ለስልሳ አንድ ዓመቱ ግድ አልነበራትም። እሷን የያዛት የሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ እሷም ቅዱሱን ውሃ ጠጥታ ቃል ገብታለች። ሁለት ቀን አምጣ ልጁ አልወለድ ሲል እዚሁ ከተማ አምጥተው በቀዶ ጥገና አዋለዷት። እጇ አብጦ ስለነበር አምባሯን በብረት መጋዝ ቆረጡት። ላጯት፤ ቁምጣዋንና ጎራዴዋን በፌስታል አድርገው ለባሏ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰጧቸው። ረሻም ይህ ሁሉ ሲሆን በማደንዘዣ ተኝታ ነበር። ልጇን የያዘችው በማግሥቱ ነው።

በሃያ አንደኛው ቀን አምስቱ ፊት አቆሟት። በዚህ ሃይማኖት ቃል ገብቶ ቃሉን ያጓደለ ሰው ቅዱሱን ውሃ በሚያጠጡት አምስት ሰዎች ፊት እጁን አጣምሮ ይቆማል፣ ጥፋቱን ይናገራል፣ ቅጣቱን ይቀበላል። የዚያን ጊዜ የአምስቱ አለቃ የባሏ አባት አጃይብ ሲንግ ነበሩ። ረሻም ተኝቼ ነበር፣ ማን እንዳወለቀው እንኳ አላየሁም አለች። ሽማግሌው፣ ያኔ ሽማግሌ ሳይሆኑ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ቃል አይተኛም» አሏት። አርባ ቀን በጸሎት ቤታቸው በጉርድዋራው ማድ ቤት፣ ለመጣው ሁሉ ምግብ በሚታደልበት ቦታ፣ ሳህን እንድታጥብ ፈረዱባት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አምባሩን የቆረጠችው ነርስ ደመወዟን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ረሻም ስፌቷ ሳይደርቅ ሲሚንቶው ገንዳ ላይ አጎንብሳ በአመድ ሳህን ፈተገች። ልጇ ቤት ሲያለቅስ ጡቷ እየፈሰሰ ልብሷን ያርሰው ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ከኋላዋ ይመጣሉ። ካጠበችው አንዱን ሳህን ያነሳሉ፣ ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ካላማራቸው ምንም ሳይናገሩ ገንዳው ውስጥ መልሰው ይጥሉታል። በአርባኛው ቀን ማግሥት ረሻም ከጉርድዋራው በር ላይ አዲስ አምባር ገዛች። ከእጇ ሰፋ ያለውን መረጠች፤ ከእንግዲህ ማንም መቁረጥ ሳያስፈልገው ተንሸራትቶ እንዲወጣ። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲህ አፏን ከፍታ አታውቅም።

ቀትር ላይ ምስርና ሩዝ አበላቻቸው። ትራሱን አስተካከለችላቸው። ሻይ ቀዳችላቸው። እሳቸው ስለ ፀጉር ትርጉም እንደገና ሲጀምሩ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ባፑጂ፣ ትርጉሙን ይተዉት። ትርጉሙን ከእርስዎ እኩል አውቀዋለሁ። የሚፈሩት ምንድነው?»

«ቃሌን…»

«ቃሉን ያጎደለ ሰው የት እንደሚሄድ እናውቃለን። አምስቱ ፊት ይቆማል፣ ይቀጣል፣ ያበቃል። እርስዎ ራስዎ ስንቱን ቀጥተው ስንቱን መልሰዋል። ታዲያ ምንድነው የሚፈሩት?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ደልባራ» አሉ በመጨረሻ።

ረሻም ወዲያው ገባት። ደልባራ ሲንግ የመንደራቸው ሰው ናቸው፤ ከሽማግሌው ስምንት ዓመት ያንሳሉ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ልጃቸውን ሲድሩ ጢማቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው መጡ። ፈጣሪ ነጭ ካደረገው አንተ ማን ነህ ብለው አጃይብ ሲንግ አንድ ወር ሙሉ የጉርድዋራው በር ላይ የምእመናኑን ጫማ አስወለወሏቸው። አጃይብ ሲንግ በዕድሜ ምክንያት ከአምስቱ ሲወጡ በአለቅነቱ የተተኩት እኚሁ ደልባራ ናቸው።

«እሱ ፊት እጄን አጣምሬ ልቁም?» አሉ ሽማግሌው። «ያ ጢሙን የተቀባ?»

«እኔ ደግሞ ፈጣሪን የፈሩ መስሎኝ» አለች ረሻም። «ለካ ደልባራን ነው።»

 ረሻም ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ሠላሳ አራት ዓመት የቆየ ነገር ጩኸት አያስፈልገውም።

«እኔን ሲወስዱኝ የጠየቀኝ የለም። ተኝቼ ነበር። ቃል አይተኛም አሉኝ፤ እሺ ብዬ አርባ ቀን ሳህን አጠብኩ። አልሞትኩም። እርስዎን እየጠየቁዎት ነው፣ እየለመኑዎት ነው። ይላጩ፣ ይቁሙ፣ ይቀጡ፤ እርስዎም አይሞቱም። እዚህ ከተኙ ግን ይሞታሉ። እስኪሞቱ ድረስ የማጥብዎት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔን ሳህኑ ይበቃኛል ባፑጂ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሏት ስትነሳ «እስክሪቢቶ አምጪ» አሉ። ፈረሙ። ይህም ሆኖ ያለ ጣጣ አላለፉም፤ የተላጨው ፀጉር ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጣል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ እንዲሰጣት አዘዙ። በማግሥቱ ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ነርሷ ለረሻም አንዲት ትንሽ ጥቅል አቀበለቻት። አንድ ቁንጥር ነጭ ፀጉር ነበር። ረሻም ቤት ወስዳ በእሳት አቃጠለችው፤ ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውዬው ሰው ሲያደርቁ የኖሩት ለዚህ ነው እያለች።

ሽማግሌው ዳኑ። ግን ዝም አሉ፤ ይሄ ደግሞ ረሻምን ከስብከቱ ይብስ አናደዳት። ስብከቱን ለምዳዋለች፣ እየሠራች ጆሮዋን ትነፍገዋለች። አሁን ግን ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ከእራት በኋላ ሳህን ስታጥብ ያይዋታል። ምን ይፈልጋሉ ስትላቸው ምንም ይላሉ። ውሃ ልስጥዎት ስትላቸው አይ ይላሉ። እንዲህ ስድስት ሳምንት ሆነ። በስድስተኛው ሳምንት በብረት መደገፊያ መራመድ ቻሉና እሑድ አምስቱ ፊት ውሰጂኝ አሏት።

አምስቱ የተቀመጡት ከጉርድዋራው ጎን ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰማያዊ ጥምጥም ጠምጥመው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ሰው አይገባም። ሽማግሌው ግን ያለ ረሻም መቆም ስለማይችሉ ደልባራ ሲንግ ትግባ አሉ። ጢማቸው ዛሬ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። አጃይብ ሲንግ መደገፊያውን ለቀው እጃቸውን አጣመሩ፤ ረሻም ከኋላ ወገባቸውን ይዛ ቆመች። ጥፋታቸውን ተናገሩ፤ ቁምጣው ከአንድ እግራቸው እንደወጣ፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ፀጉር እንደተላጩ።

አምስቱ ተነጋገሩ። ብዙም አልቆዩ።

«ሰው ሊድን ብሎ በሐኪም እጅ የተደረገበት ነገር ጥፋት አይደለም» አሉ ደልባራ ሲንግ። «የማለዳውን ጸሎት አንድ ጊዜ ጨምረህ አድርስ። ሂድ።»

የረሻም ጆሮ ጋለ። በቃ? ይኼው ነው? አርባ ቀን፣ ያ ሁሉ አመድ፣ ያ ሁሉ ወተት፣ እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ኖሯል? የያዘችውን ወገብ ለቃ መውጣት አማራት። ብትለቅ ይወድቃሉ። ደህና አድርጋ ያዘቻቸው፤ በንዴት ስለነበር ትንሽ ሳታሳምማቸው አልቀረችም።

«እንሂድ ባፑጂ» አለች።

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው እንደተጣመረ ነው።

«እንግዲያው ሌላ ጥፋት አለብኝ» አሉ። «አሁን አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ተቀምጬ ይህችን ልጅ አርባ ቀን ሳህን አሳጥቤያታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። የእሷም ምልክቶች እንደ እኔው ሐኪም ቤት ነው የወለቁት። እኔን ጠይቀው፣ ለምነው ነው። እሷን አልጠየቋትም። ተኝታ ነበር።»

 ደልባራ ሲንግ ወደ ረሻም አይተው እውነት ነው ወይ አሏት። ረሻም ለዚህች ቀን ስታዘጋጅ የኖረችው ንግግር ነበራት፤ መልስ የማይገኝለት፣ ሰው የሚያሳፍር። አንዱም አልመጣላትም።

«ስፌቱ ገና አልደረቀም ነበር» አለች።

በዚህ ጊዜ አምስቱ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከአምስቱ አንዱ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በሽተኛ ናቸው፣ ጸሎት ይበቃቸዋል አለ። ደልባራ ሲንግ ጫማ ያስወለወሏቸውን ሰው በመቅጣታቸው ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ የደከማቸው ነበር የሚመስሉት። የሰጠኸውን ያህል ትቀበላለህ አሉ፤ አርባ ቀን ሳህን፣ ተቀምጦም ቢሆን።

«ማን ሊያመጣቸው ነው?» አለች ረሻም ሳታስበው።

አምስቱ እርስ በርስ ተያዩ። ይሄን አላሰቡበትም።

«ምራት አለችው አይደል» አለ አንደኛው።

«አዎ» አለች ረሻም። «አለችው።»

እንዲህ ሆነና የአጃይብ ሲንግ ቅጣት ለረሻም ተረፈ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ሽማግሌውን ደግፋ ባለሦስት እግር ታክሲ ላይ ታወጣለች፣ መደገፊያውን ከኋላ ታስራለች፣ ጉልበታቸው ላይ የፕላስቲክ ወንበሩን ታስይዛለች፤ ያንኑ ባልዲ ያስቀመጡበትን ወንበር። ማድ ቤቱ ስትደርስ ወንበሩን ገንዳው አጠገብ ታስቀምጥና ታስቀምጣቸዋለች። ባሏ ከጉጃራት ደውሎ ሲሰማ ምን አጠፋችና ነው እሷም የምትቀጣው ሳይል፣ አንቺ ታውቂያለሽ አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አምባራቸውን ወደ ክንዳቸው ገፍተው፣ ለሚያጥቡት ሴቶች ስለ አምባሩ ትርጉም መናገር ጀመሩ። ባፑጂ መጀመሪያ ሳህኑ አሏቸው ሴቶቹ። ዝም ብለው ፈተጉ። ዛሬ አመድ የለም፣ ሳሙና ነው፤ ግን ስልሳ ዓመት ለሌላ ሰው ሳህን አጥቦ የማያውቅ እጅ ነው። አንዱን ሳህን ሲያጥቡ ረሻም ሌሎች ሦስት ትጨርሳለች።

ቆይታ ተነሳች። እጇን በሻሿ አድርቃ ከኋላቸው ቆመች። ካጠቡት አንዱን ሳህን አነሳች፣ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። የምስሩ ቢጫ ቅባት ጣቷ ላይ ቀረ። ምንም ሳትናገር ገንዳው ውስጥ መልሳ ጣለችው።

አጃይብ ሲንግ ቀና ብለው አይዋት። ከዚያ አጎንብሰው ሳህኑን ከውሃው ውስጥ ፈልገው አወጡና አጠቡት። አነሳችው፣ ዳሰሰችው፣ መለሰችው። እንደገና አጠቡት።

በሦስተኛው ጊዜ ሳህኑ ንጹሕ ነበር፤ በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰች፣ አንድም ነገር አልነበረበትም። ቢሆንም መለሰችው። እሳቸውም ንጹሕ መሆኑን እያወቁ አጠቡት።